የባለጥላው ግቢ

ያንን ሰውዬ ባሰብኩት ቁጥር እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ማታለሉ አይደለም። አታላይ በየዘመኑ አለ። እኔን የሚያበግነኝ ያታለለበት ዕቃ ርካሽነት ነው። ጨርቁ የተበሳ አንድ ጃንጥላ፣ አንድ ከበሮ፣ እንባዋ ቅርብ የሆነ አንዲት ሴት፤ በቃ። ይህችን ይዞ ስንቱን የቀወት ሰው፣ ጠመንጃ ሲተኮስ የማይደነግጠውን ሁሉ፣ አንገቱን አስደፍቶ አስቀመጠው። ረቀቅ ያለ ሌባ ቢሆን ኖሮ «ይሁን፣ ከብልጥ ጋር ገጥሜ ነው» ብዬ እጽናና ነበር። በዚያ ጃንጥላ መታለል ግን ምንም የሚያጽናና ነገር የለውም።

ስሙን አልጠራላችሁም። ባለጥላው እንበለው፤ አገሩም የሚጠራው እንደዚያ ነበር። ተከታዮቹ «እርሳቸው» ይሉታል። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ለእሱ ስል ምላሴን አላደክምም፤ «እሱ» እያልኩ ነው የማወራችሁ።

ዘመኑ የጣሊያን ጊዜ ነው። ያኔ ገና ልጅ ያልወለድኩ ወጣት ሚስት ነበርኩ፤ ስሜ ዘርፌ ነው። ከሸዋ ሮቢት በታች፣ ቀወት ቆላ ላይ፣ ማሽላና በቆሎ እየዘራን እንኖራለን። ጣሊያን የመኪና መንገዱን ሲያወጣ ባሌን ተሰማን ድንጋይ ፍለጥ ብለው ጠሩት። እሱ የአባቱን ጠመንጃ አነሳና ከአርበኞቹ ጋር ተቀላቀለ። እኔ ከእናቱ ጋር ቀረሁ።

እናቱ ወይዘሮ ደብሪቱ ይባላሉ፤ እኔ «እሜቴ» ነበር የምላቸው። እሳቸውን ብታውቋቸው ይህ ነገር ይበልጥ ይገርማችሁ ነበር። ቄሱ ስብከት ሲያስረዝሙ «አባ፣ ከብቶቹ ውሃ አልጠጡም እኮ» ብለው ከመሀል የሚያቋርጡ ሴት ናቸው። ማሽላው ሲያሸት ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፋቸውን ሲያስጮኹት ግሪሳው የእኛን ማሳ ዘሎ ጎረቤት ላይ ያርፍ ነበር። ገበያ ላይ እሳቸውን ያታለለ ነጋዴ አላየሁም። ይህን የምነግራችሁ፣ የሚታለለው ሞኝ ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ ከወዲሁ እንድትተዉት ነው።

ተሰማ ከሄደ በኋላ መጀመሪያ አካባቢ መልእክት ይመጣልን ነበር። ከዚያ ቀረ። ክረምቱን ሙሉ ስለ እሱ የሰማነው ነገር የለም። አውሮፕላኑ ወደ ተራራው ሲሄድ እናያለን፤ ቆይቶ ፍንዳታው ይሰማል፤ ከዚያ ጭጭ ይላል። እሜቴ እህል አልቀምስ አሉ። ሞተ ቢባሉ አልቅሰው ይወጣላቸው ነበር። አለ ቢባሉ ይጠብቁ ነበር። የነበሩት ግን ከሁለቱም ባልሆነ ቦታ ነው። ሰው እንዲህ ሆኖ ሲቀመጥ ማንም መጥቶ ሊገባበት ይችላል።

የገባችባቸው አልጋነሽ የምትባል ሴት ናት። ሮቢት ገበያ ላይ እሜቴ ሽንኩርት ዘርግተው ሳሉ አጠገባቸው መጥታ ቁጭ አለች። ምንም አልሸጠችም፤ ምንም አልገዛችም። ፊታቸውን አይታ አለቀሰች። «እማማ፣ የሆነ ሰው ጠፍቶብዎታል» አለቻቸው። በዚያ ዘመን ሰው ያልጠፋበት ቤት የለም፤ በጭፍን ድንጋይ ብትወረውርም የጠፋበትን ሰው ነው የምትመታው። እሜቴ ግን ዐውቃ የነገረቻቸው መሰላቸው። ከሮቢ ወንዝ ዳር አንድ አባት እንዳሉ፣ የጠፋ ሰው በሩቅ እንደሚያዩ፣ ጃንጥላቸው ሥር የተጠለለ ሰው ጥይትም የመርዝ ዝናብም እንደማይነካው ነገረቻቸው።

እሜቴ «አንድ ቀን ውዬ እመለሳለሁ» ብለው ሄዱ። ቀኑ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር አለፈው። ማሽላው አሸተ። ሰው ብልክ «ግሪሳው ይብላው፤ የዚህ ዓለም ነገር ነው» የሚል መልስ አመጣልኝ። እሜቴ ስለ ግሪሳ እንዲህ ካሉ የቀረ እሜቴ የለም ማለት ነው። በማግሥቱ ቆሎ ቋጥሬ ተነሳሁ።

ግቢው ትልቅ ሾላ ሥር ነው። ዙሪያውን በእሾህ ታጥሯል፤ ውስጡ የሣር ጎጆ ተደርድሯል። ገና ወንዙን ስሻገር አንዲት ቀይ፣ ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ።

«እኅቴ፣ ደክሞሻል! አልጋነሽ እባላለሁ። ነይ እግርሽን ልጠብሽ» አለችኝ።

እምቢ ብልም አልሰማችኝም። ድንጋይ ላይ አስቀምጣ እግሬን ታጥበኝ ጀመር። ስሜን እንኳ ገና አልጠየቀችኝም።

«ማን ጠፍቶብሽ መጣሽ?»

ባሏ አርበኛ የሆነባት ሴት በዚያ ጊዜ ለማታውቀው ሰው ስለ ባሏ አታወራም። ባንዳው ብዙ ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝን አልኳት።

«ወንድሜ።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

«ሙላቱ።»

«ታናሽሽ ነው?»

«አዎ።»

«ውይ! ምን ይወድ ነበር?»

«ማር» አልኳት።

አልጋነሽ ለሙላቱ አለቀሰችለት። እንባዋ ውሃው ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል አየሁት። እኔ ደግሞ ወንድም የሚባል ነገር የለኝም። ለእናቴ ብቸኛ ነኝ። ላልተወለደው ወንድሜ እንዲህ ከልቧ ስታለቅስ ጊዜ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ትንሽ አዘንኩላት።

ወደ ግቢው ስገባ ሁሉም ተነስተው አቀፉኝ። «ቤትሽ ገባሽ! ቤትሽ ገባሽ!» ይሉኛል። ደስ አለኝ። ተሰማ ከሄደ ወዲህ የሰው እጅ ትከሻዬ ላይ አርፎ አያውቅም ነበር። ደስ ማለቱን አልደብቃችሁም፤ ሥራቸው ደስ ማሰኘት ነዋ።

እሜቴን ሳያቸው ግን ደነገጥኩ። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ገብቷል። ሳቅ እያሉ ጉንጬን ሳሙኝ።

«ዘርፌ፣ እንኳን እግዜር ጠራሽ።»

«እሜቴ፣ ምን ሆነው ነው? ቤት እንሂድ።»

«ቤቴ እዚህ ነው። ደግሞ እዚህ ደብሪቱ አትበይኝ። ስሜ ጠባቂት ነው።»

«ምኑን ነው የሚጠብቁት?»

«ተሰማን ነዋ!» አሉኝ፣ እንደማይገባው ሰው እያዩኝ። «እኔ ከዚህ ግቢ እስካልወጣሁ ድረስ ጥይት አይነካውም። እግሬ ከበሩ ከወጣ ግን በዚያው ቅጽበት ይመታል። እርሳቸው አሳይተውኛል።»

ዞር ብዬ በሩን አየሁት። መዝጊያ አልነበረውም። ዘበኛም የለው፣ ውሻም የለው። ባለጥላው ለምን መዝጊያ ያበጃል? ለእያንዳንዷ እናት ልጇን፣ ለእያንዳንዷ ሚስት ባሏን በር ላይ አቁሞባታል። ማን ረግጦት ይወጣል?

ክርስቲያኑን በመልአክ፣ ሙስሊሙን በወሊይ ይዞታል። ለሁሉም የሚሆን ነበረው። አጠገቤ የተቀመጠችው ዘይነባ የምትባል ልጅ ከወዲያ ማዶ ካለው የሙስሊም መንደር የመጣች ናት። ወንድሟ በግመል ጨው ሲያመላልስ ጣሊያን ይዞት ቀርቷል። እሷንም እንደ እሜቴ «ከወጣሽ ይሞታል» ብሏታል።

ከሰዓት በኋላ ከበሮው ተመታ። ሁላችንም ሾላው ሥር ተቀመጥን። ሕጉን አልጋነሽ ነገረችኝ። እርሳቸው ሲናገሩ ሰው ሁሉ ነጠላውን አናቱ ላይ ጣል አድርጎ መሬት መሬት ያያል። ቀና ያለ ሰው መልአኩን ያሳውራል። ጥያቄ መጠየቅ የለም፤ የጠየቀ ሰው የጠፋበትን ሰው ስንቅ ይቀንሳል። እንዴት እንደሚቀንስ አልነገረችኝም፤ መጠየቅ ስለማይቻል እኔም አልጠየቅኩም።

ሙቀቱ የሮቢት ሙቀት ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስንም። ከበሮው አያቆምም። ወዲህ ሴት ታለቅሳለች፤ ወዲያ ሽማግሌ ያቃስታል። መሬት መሬት እያየሁ የሰውዬው ኮቴ ሲመጣ ሰማሁ። የጃንጥላው ጥላ አለፈብኝ፤ በቀዳዳው የገባች የፀሐይ ብርሃን እጄ ላይ ስትሄድ አየኋት። ከዚያ ድምፁ መጣ። ቀስ ያለ ነው፤ ለአንድ ሰው ብቻ የሚያወራ ይመስላል።

«አንድ ወጣት አያለሁ። ውሃ አጠገብ ቆሟል። ማር ይወዳል። ስሙ ሙላቱ ነው። እኅቱን ይጠራታል... ዘርፌ፣ ዘርፌ ይላታል።»

ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አለቀስኩ። ራሴ የፈጠርኩትን ሰው ስም ሰምቼ ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ አለቀስኩ። በግራና በቀኝ ያሉት ሴቶች አቀፉኝ፤ «ተገኘልሽ! ተገኘልሽ!» አሉኝ። እኔም «ተገኘልኝ» አልኩ። በአፌ ያልኩት ነው፤ ሰምቼዋለሁ።

ከበሮው ሲያቆምና ወንዝ ወርጄ ፊቴን ስታጠብ ነው ልቤ የተመለሰችው። ሙላቱ ማነው? ማን አገኘልኝ? የሌለ ሰው እንዴት ይገኛል? ውሃው ላይ ፊቴን እያየሁ ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ በኋላ ፍርሃቱ። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ እንዲህ ከሆንኩ፣ እውነተኛ ልጃቸውን ስም የሰጡት እሜቴ ምን ሊሆኑ ነው?

ሮጬ ሄድኩ።

«እሜቴ፣ እኔ እኮ ወንድም የለኝም! ለአልጋነሽ ውሸቴን ነው የነገርኳት። እሷ ናት ወስዳ የነገረችው።»

እሜቴ አሰብ አደረጉ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«አባትሽ መንገደኛ ሰው ነበሩ» አሉኝ።

«እና?»

«እናማ በሄዱበት ልጅ ወልደው ይሆናላ! አንቺ የማታውቂውን እርሳቸው አዩት። ታምሩን አየሽ?»

ማሳ የሚጠብቁት፣ ነጋዴ የማያታልላቸው ሴት አባቴን ከመቃብር አንስተው አመነዘሩት። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ሰውዬው ውሸቱን መጠገን አይጠበቅበትም። የሚጠግኑለት እነሱ ናቸው። በተቀደደ ቁጥር ሮጠው ይሰፉለታል።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሌሊቱን እየቀሰቀሱ ሲያሰግዱን ስላደሩ ዓይኔ አልገለጥ ብሎኝ፣ ከዘይነባ ጋር ውሃ ልንቀዳ ወረድን፤ ውሃ ለሚቀዱ ባለጥላው እስከ ወንዙ ድረስ ፈቅዶላቸዋል። ዘይነባ ወደኋላ እያየች በሹክሹክታ አወራችኝ።

«ዛሬ ቀትር ላይ አማትሽ ይቆማሉ።»

«መቆም ምንድነው?»

«ልጃቸው የሚገኝበትን ቦታ ይናገራሉ። መልአኩ ቦታውን ካላወቀ ቆሞ አይጠብቀውም ይሏቸዋል። ከዚህ በፊት አንዲት ሴት ቆማ ባሏ ስንቅ የሚወስድበትን ጥግ ተናገረች። በሳምንቱ ባሏ እዚያው ጥግ ተገደለ።»

«ከዚያስ? እሷ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? ‘ስትናገሪ በልብሽ ተጠራጥረሻል፤ ጥርጣሬሽ ገደለው’ አሏት። እዚህ ናት አሁንም። ያቺ ጥግ ይዛ የምትቀመጠው፣ ከማንም ጋር የማትናገረው። ወላሂ ዘርፌ፣ እሷን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ብወጣ ደግሞ ወንድሜን የገደልኩት ይመስለኛል።»

የቀዳነውን ውሃ ወደ እህል ጎጆው ስናስገባ ጥጉ ላይ ጆንያ ተደርድሮ አየሁ። ፉርኖ ዱቄት ነው። ያኔ ፉርኖ ዱቄት በየቤቱ የሚገኝ ነገር አልነበረም፤ ያለው ሮቢት፣ የጣሊያን ጦር ሰፈር ነው። ለጣሊያን አንድ ነገር ያልወሰደ ሰው ከጣሊያን ዱቄት አያመጣም።

«ይሄ ከየት መጣ?» አልኳት ዘይነባን።

«ከሰማይ ነው ይሉናል» አለችኝ። ጆንያው ላይ የታተመውን የፈረንጅ ጽሑፍ ሁለታችንም አየነው።

እሜቴ ተሰማ ከጓዶቹ ጋር ስንቅ የሚቀበልበትን ሸለቆ ያውቁታል። ራሳቸው ናቸው እህል ያደርሱ የነበሩት። ቀትር ላይ ከተናገሩ አለቀ፤ እሱ ብቻ ሳይሆን አብረውት ያሉት ሁሉ ያልቃሉ። መክሬ እንደማልመልሳቸው ደግሞ ትናንት አይቻለሁ። ስለ ዱቄቱ ብነግራቸው «እግዚአብሔር ከጠላት እጅ ቀምቶ መገባቸው» እንደሚሉኝ አውቄዋለሁ። እኔ የምላቸውን ሁሉ እሱ አስቀድሞ መልስ አበጅቶለታል። የሚበጀው ከእሳቸው በቀር ማንም የማያውቀው፣ እሳቸውም ሊጠራጠሩት የማይችሉት ነገር ነው። ምን አለ እንዲህ ያለ? ብዬ ብዬ አንድ ነገር መጣልኝ። የልጃቸው ገላ።

አልጋነሽን ፈልጌ አገኘኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩና አንገቴን ደፋሁ።

«እኅቴ፣ ትናንት ፈርቼ ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አልኳት። «ባሌ የጠባቂት ልጅ ነው።»

«አውቃለሁ፣ የኔ እመቤት።» እጄን ያዘችኝ። «ንገሪኝ፤ ይቅለልሽ።»

«እሳቸው አፍረው አይናገሩትም እንጂ ተሰማ ሲወለድ ስድስት ጣት ነበረው። ሰው እንዳያይበት ሲደብቁት ነው የኖሩት።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «የየትኛው እጁ?» አለችኝ በለሆሳስ።

«የግራው።»

አቅፋኝ አለቀሰች። ትንሽ ቆይታ «መጣሁ» ብላ ተነሳች። የት እንደምትሄድ አልጠየቅኋትም። የተሰማ እጅ የማንም ሰው እጅ ነው፤ ትርፍም የለው፣ ጎደሎም የለው።

ቀትር ሆነ። ከበሮው ተመታ። ነጠላችንን ተከናነብን፤ መሬት መሬት አየን። እጅግ የፈራሁት የስድስተኛውን ጣት ነገር ሳያነሳ ቀርቶ ቦታውን ብቻ እንዳይጠይቃቸው ነው። አታላይ ግን ያገኘውን ጌጥ ሳያደርግ አይውልም።

«ጠባቂት፣ ተነሽ» አለ።

እሜቴ ተነሱ።

«ልጅሽን አየሁት። ከድንጋይ ሥር ተቀምጧል። ስድስተኛዋ ጣቱ ቆስላ ደም ታፈስሳለች። መልአኩ ሊፈውሰው ተነስቷል። ቦታውን ግን ከእናቱ አፍ መስማት አለበት።»

በነጠላዬ ሥር የእሜቴን እግር ብቻ ነው የማየው። አልተንቀሳቀሰም።

«ስንተኛዋ?» አሉ።

ከበሮ መቺው ሳት አለው። እዚያ ግቢ ውስጥ ጥያቄ ተሰምቶ አያውቅም።

«ስድስተኛዋ። ከሰው ዓይን ደብቀሽ ያኖርሻት።»

«የየትኛው እጁ?»

አሁን ከበሮው ቆመ። እኔ ነጠላዬን ገለጥኩና ቀና አልኩ። እሜቴም ነጠላቸውን ከአናታቸው ላይ አውርደው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ባለጥላው ጃንጥላውን ይዞ ያያቸዋል። አጭር፣ ላብ ያጠመቀው፣ ከንፈሩ የተላጠ ሰውዬ ነው። ይኸው ነው? አልኩ በልቤ። ይህን ሁሉ ሕዝብ ያንቀጠቀጠው ይኸው ነው? ዓይኑ ከእሜቴ ላይ ሸሸና ወደ ሾላው ግንድ ሄደ። እዚያ አልጋነሽ ቆማ ግራ እጇን በቀኝ እጇ ታሻለች።

«የግራው» አለ።

እሜቴ ዓይኑን ተከትለው ዞሩ። አልጋነሽን ለጥቂት ጊዜ አዩዋት።

«አልጋነሽ፣ እጅሽን ምን ነካው?» አሏት።

አልጋነሽ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች።

«እኔ ነኝ የወለድኩት» አሉ እሜቴ፤ ድምፃቸው ማማ ላይ የማውቀው ድምፅ ነበር። «እኔ ነኝ ያጠብኩት። ተሰማ ስድስተኛ ጣት የለውም። ታዲያ እስከ ዛሬ ሲያዩልኝ የከረሙት የማንን ልጅ ነው?»

ባለጥላው ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«ይህች ናት! ሰይጣን በምራትሽ ተመስሎ መጣብሽ!»

ተነሳሁ። «ሙላቱ የሚባል ወንድም የለኝም!» ብዬ ጮህኩ ለሰዉ። «ትናንት ያገኘልኝ ሰው አልተወለደም! ዱቄቱን ሂዱና እዩት፤ የጣሊያን ዱቄት ነው!»

ምን ያደርጋሉ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? ጃንጥላውን የሚሰባብሩት መስሏችሁ ከሆነ ሰውን አታውቁትም። አንድ ሽማግሌ «ዝም በይ አንቺ፤ ልጄን ልታስገድይው ነው!» አለኝ። ሌሎቹ ነጠላቸውን የበለጠ ተከናነቡ፤ ጆሯቸውን በእጃቸው ደፈኑ። ከዚያ ሁሉ ሰው የተነሳችው ዘይነባ ብቻ ናት።

ባለጥላው እንደ መረጋጋት አለ። ፈገግታ ቢጤ አሳየን።

«በሩ ክፍት ነው» አለ። «ማንንም አስሬ አላውቅም። ውጪ። ልጅሽ ግን ከእንግዲህ ዕድሜ የለውም፤ የገደልሽውም አንቺ ነሽ።»

እሜቴ በሩ ድረስ ደህና ሄዱ። በሩ ላይ ቆሙ። እኔ ወጥቻለሁ፤ ዘይነባ ወጥታለች። እሳቸው ቀሩ። እግራቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

«እሜቴ፣ ውሸታም እንደሆነ አይተዋል እኮ!»

«እሱስ ውሸታም ነው» አሉ። «እኔ አውቄዋለሁ። እግሬ ግን አላወቀም።»

እጃቸውን ይዤ ልጎትታቸው ከጀለኝ። አልጎተትኩም። በጉተታ የወጣ ሰው ተመልሶ ይገባል።

«ተሰማ ወደ ዱር ሲሄድ ከእርስዎ ጋር ምን ተባባላችሁ?» አልኳቸው።

«ምን እንባባላለን? ‘ልሂድ ወይ?’ አለኝ። ‘አንተ ታውቃለህ’ አልኩት።»

«ያወቀውስ ማነው?»

«እሱ ነዋ።»

«እንግዲያ የሄደው በራሱ እግር ነው እሜቴ። በእርስዎ እግር አይደለም።»

ብዙ ቆሙ። ከኋላ ከበሮው እንደገና ጀመረ። እሜቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ በእሳት ላይ እንደሚራመድ ሰው እግራቸውን አንስተው ወጡ። ወጥተውም ጥቂት እንደሄዱ ተቀምጠው አለቀሱ። ያን ቀን ነው ያለቀሱት፤ ክረምቱን ሙሉ ያላለቀሱትን።

ቤት አልቆየንም። እሜቴ የዚያኑ ዕለት በሚያምኑት ሰው በኩል «ሸለቆውን ልቀቁ» የሚል ቃል ላኩ። ዘይነባ አጣዬ ወዳሉ ዘመዶቿ ሄደች፤ እኛ ማጀቴ ወዳሉት የእሜቴ እኅት ተጠጋን። ከሄድን በኋላ ባንዶች መጥተው ቤታችንን እንዳቃጠሉት ሰማን። ማሽላውን ግሪሳው ጨርሶት ስለነበር ለእነሱ የቀረላቸው የለም።

ባለጥላው ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ጣሊያን የወጣ ጊዜ ጃንጥላውን ጣለ፤ ጎፈሬውን አሳደገ። «ከአርበኞቹ ጋር በጸሎት ስዋጋ ነበር» እያለ ድግስ ላይ ከላይ ወንበር ይቀመጥ እንደነበር ሰዎች ነገሩኝ። ያመኑትም ነበሩ። ለምን አያምኑም? በጃንጥላ ያመነ ሰው በጎፈሬ ቢያምን ምን ይገርማል!

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ የዛሬው ሰውዬ ጃንጥላ ይዞ አይመጣላችሁም። ምን ይዞ እንደሚመጣ እኔ አሮጊቷ አላውቅም። አመጣጡን ግን አውቃለሁ። ስማችሁን ሳይጠይቅ ቁስላችሁን የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ጠንቀቅ በሉ። ገና ሳያውቃችሁ «ቤትሽ ገባሽ» የሚልን ሰው፣ ቤታችሁ ሌላ ቦታ እንዳለ ንገሩት። ሲናገር ቀና ብላችሁ እንዳታዩት የሚከለክላችሁን ቀና ብላችሁ እዩት፤ ብዙ ጊዜ ላብ ያጠመቀው አጭር ሰውዬ ሆኖ ታገኙታላችሁ። መልካሙ ሁሉ የእሱ፣ ክፉው ሁሉ የእናንተ ጥርጣሬ ሥራ ነው ቢላችሁ ደግሞ ምንም አትመልሱለት፤ ተነሱ። ከሁሉም የሚከፋው በሩ ነው። «ከወጣህ እንዲህ ትሆናለህ» የተባለበት በር ምንም ክፍት ቢሆን እስር ቤት ነው። ስትወጡም እግራችሁ ይንቀጠቀጣል። እየተንቀጠቀጠ ውጡ፤ እስኪቆም አትጠብቁ።

ዘመድ እንዲህ ያለ ግቢ የገባባችሁ እንደሆነም አትስደቡት። እኔ እሜቴን «ሞኝ» ብላቸው ኖሮ እዚያው ይቀሩ ነበር።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ከባድ ስለሆነ ነው ወደኋላ ያስቀረሁት።

ማጀቴ ሳለን በበጋው ተሰማ ሞተ። ከሮቢት ርቆ፣ ተራራው ላይ፣ ከጣሊያን ጦር ጋር ሲዋጋ ነው የሞተው፤ አጠገቡ የነበረ ጓደኛው መጥቶ ነገረን። ለቅሶ ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ማን መጣች? አልጋነሽ። ከየት እንደሰማች አላውቅም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እያለቀሰች፣ በሰዉ መሀል አልፋ እሜቴ አጠገብ ተቀመጠች።

«እማማ» አለቻቸው፤ «እርሳቸው ነግረውዎት ነበር። ምነው ባልወጡ! ግን አሁንም ይቅርታ ያደርጋሉ፤ ይምጡ። ነፍሱን ያገናኙዎታል።»

እኔ እሜቴን አየኋቸው፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። የዚያ ሰውዬ ቃል የተፈጸመ ይመስላል። እሱ የጠበቀው ቀን መጣለት። እኔ ራሴ የአልጋነሽን ቃል ስሰማ «ባላወጣኋቸውስ ኖሮ?» ብያለሁ በልቤ።

እሜቴ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። አልጮኹም።

«ልጄ የሞተው ለአገሩ ነው» አሏት። «ሕይወቱን ስትነግዱበት ከረማችሁ። ሞቱን ግን አልሰጣችሁም፤ እሱ የራሱ ነው። አሁን ተነሺና ሂጂ፤ ልጄን ላልቅሰው።»

አልጋነሽ ተነሳች። እሜቴ ወደ እኔ ዞረው እጄን ያዙኝ፤ አብረን አለቀስን።